ተኝተሽ ጠብቂ

ኮቻችን መውደቅን ያስተማረችን አንድ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ነው። መውደቁንስ ድሮም እናውቅበት ነበር፤ ራግቢ ሜዳ ላይ ሌላ ምን ይሠራል? እሷ ያስተማረችን ወድቆ መቅረትን ነው። የኮሎምበስ ዳርቻ በሆነችው ሂሊያርድ ውስጥ በምንለማመድበት ፓርክ ሣር ላይ ሁላችንንም በጀርባችን አስተኛችንና በመካከላችን ወዲያ ወዲህ እያለች፣ "አትንፈራገጡ" አለችን። "የሚንፈራገጥ ሰው ደህና ሰው ነው። አንድ እጃችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጉና ዝም በሉ። ዳኛው ራሱ ይመጣል።"

አጠገቤ የተኛችው ካፒቴናችን ዓይኗን ጨፍና በዝግታ ትተነፍሳለች። ላያት ሰው ነፍሷ ልትወጣ ትንሽ የቀራት ነው የምትመስለው። እኔ ግን እግሬን አነሳለሁ፣ እጥላለሁ።

"አንቺ! ምን ሆንሽ?" አለችኝ ኮች።

"ጉንዳን።"

"ጉንዳን ፔናሊቲ አያሰጥም። ተኝተሽ ጠብቂ።"

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ራግቢ ሊግ ይባላል። አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት ሆነን፣ እንቁላል የመሰለ ኳስ ይዘን ወደ ፊት እንሮጣለን። ተቃራኒዎቻችን ደግሞ አቅፈው፣ ገፍተው፣ ወገባችንን ጠምጥመው መሬት ይጥሉናል፤ ታክል የሚባለው ይሄ ነው። የወደቀችው ተነስታ ኳሱን መሬት ላይ ታስቀምጥና በእግሯ ወደ ኋላ ታንከባልላለች። ከኋላዋ ያለችው ታነሳና እንደገና ሩጫ ነው። ስድስት ጊዜ ከጣሉን ኳሱ የእነሱ ይሆናል። ነገር ግን የምትጥለው ልጅ ክንድ ከትከሻ በላይ ወጥቶ አንገት ወይም ራስ ከነካ ጥፋት ነው፤ ፔናሊቲ እናገኛለን። ፔናሊቲውን መትተን በሁለቱ የግብ ቋሚዎች መካከል ካሳለፍነው ሁለት ነጥብ። በቃ፣ ለዚህ ጽሑፍ ይሄን ማወቅ ይበቃል።

ዳኛው ደግሞ አንድ ሰው ነው። እንደ ቴሌቪዥኑ ጨዋታ ቪዲዮ የለውም፤ ሁሉንም ክንድ አያይም። የተመታችው ተነስታ ከሮጠች፣ ያላየውን ነገር ብሎ ፊሽካ አይነፋም። ተኝታ ከቀረች ግን ጨዋታውን ያቆማል፣ ይጠጋል፣ ያስባል። "ማሰብ ከጀመረ ደግሞ" ትላለች ኮች፣ "ለተኛችው ነው የሚያዝነው።"

ኮች የሰሜን እንግሊዝ ሰው ናት። አባቷም፣ ወንድሞቿም፣ ሰፈሯም ይሄንኑ ሲጫወቱ አይታ ነው ያደገችው። ባሏን ተከትላ ኮሎምበስ ስትመጣ ጨዋታውን የሚያውቅላት ሰው ብታጣ፣ ራሷ ቡድን አቋቋመች። አፍንጫዋ ወደ ግራ ዞሯል። ሰው አታባብልም፤ እኔም ለዚህ ነው የምወዳት። ውሸት ነው ስላት፣ "ውሸት አይደለም" አለችኝ። "ዳኛውን፣ እስቲ እየው፣ ማለት ነው።"

የምፈልገውን ነገር አሁኑኑ ልናገር፤ ሰባት ቁጥርን ነበር የምፈልገው። ሰባት ቁጥር የለበሰችው ናት ሜዳው ላይ የምታዘው። አንቺ ወደዚህ፣ አንቺ ወደዚያ፣ አሁን ስጪኝ፣ አሁን ምቺው። እኔ ሃይስኩል ጨርሼ ዌርሃውስ ነው የገባሁት። ሌላ ሰው ያዘዘውን ሣጥን ሌላ ሰው ወዳዘዘኝ መደርደሪያ ስወስድ እውላለሁ። አንድ ቦታ ላይ እኔም ልዘዝ ብል ይፈረድብኛል? ሰባት ቁጥርን የምትለብሰው ግን ካፒቴናችን ነበረች፤ ረጅም፣ ብልህ፣ ኦሃዮ ገጠር ውስጥ ከብት መሃል ያደገች። ወድቆ መቅረትን ደግሞ ከሁላችንም በላይ ትችልበታለች። እኔ የእሷ ተቀያሪ ነበርኩ።

እኔማ መተኛቱን አልቻልኩበትም። ከጽድቅ እንዳይመስላችሁ። ይሄ የአስተዳደግ ነገር ነው። ሐበሻ መሃል አንድ ሰው ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም። ያየው ሁሉ "እኔን!" ይላል። አንዷ ቀሚስሽን ታራግፋለች፣ አንዷ ጉልበትሽን ታሻለች፣ አንዱ ጋሼ ከማዶ ሆኖ "ውሃ ስጧት!" ይላል። ከመውደቁ ይልቅ የሚያሳፍረው ይሄ ነው። ስለዚህ ሰው ሳይደርስብሽ ብድግ ትያለሽ፤ ታመምሽም አልታመምሽም "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ትያለሽ። ባለፈው ክረምት የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ በረዶ ሠርቶ አንዲት እትዬ ተንሸራተው ወደቁ። ገና "እኔን" ብለን አፋችንን ሳንዘጋ ተነስተው ቆሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጨበጡ። የእጃቸው አጥንት መሰንጠቁ የታወቀው ማግስቱን ነው። በዚያው እጅ ነበር የጨበጡን።

እኔም እንደዚያው ነኝ። መሬት ጀርባዬን ሲነካኝ እንደ ጋለ ብረት ነው። ኮች በልምምድ ጊዜ ሆን ብላ ትልልቆቹን ልጆች ትልክብኛለች፤ ይጥሉኛል፤ ሳላስበው ቆሜ እገኛለሁ። "ምን ዓይነት ፍጥረት ናት?" ትላለች ወደ ሰማይ እያየች።

ነገሩን የቀየረችው እናቴ ናት።

እናቴ ቤክስሊ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ትንከባከባለች። ታነሳቸዋለች፣ ታስቀምጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች። በእሷ ሥራ ከመውደቅ የከፋ ነገር የለም፤ አንዴ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የምታልመውም መውደቅን ነው። ስለዚህ የእኔን ጨዋታ ለማየት እሺ ብላ አታውቅም ነበር። "ያ መጋጨትሽ" ነው የምትለው። አንድ ቅዳሜ ግን የሽማግሌው ልጅ መጥታ እረፍት ሰጠቻት፤ ከሥራ በቀጥታ፣ የሥራ ባጇ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። በዚያ ሙቀት ወፍራም ጃኬት ለብሳ፣ ታጣፊ ወንበር ይዛ፣ በፔርሙስ የዝንጅብል ሻይ ይዛ። መስመሩ አጠገብ ተቀመጠችና ጨዋታው ሲጀመር ፊቷን በእጇ ሸፍና በጣቶቿ መሃል ታይ ጀመር።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ካፒቴናችን ተጣለች። የጣለቻት ልጅ ክንድ ትከሻዋን ነካ አድርጎ አልፏል እንጂ አንገቷ አጠገብም አልደረሰም፤ እኔ ተቀያሪዎቹ መሃል ቆሜ በደንብ ነው ያየሁት። ካፒቴናችን ግን እንደተማረችው አደረገች። እጇን አንገቷ ላይ፣ ዓይኗን ጭፍን። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ እጁን ወደኛ ዘረጋ። ፔናሊቲ።

ልክ በዚያን ጊዜ ከኋላዬ "እኔን!" የሚል ጩኸት ሰማሁ።

"እማ፣ ተይ" ማለቴን አስታውሳለሁ። ማን ሰምቶኝ! ጃኬቷ እየተውለበለበ ሜዳውን አቋረጠች። ሃያ አምስት ሴት ቆሞ ያያታል። ካፒቴናችን አጠገብ ተንበረከከችና ራሷን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች።

"ዶንት ሙቭ፣ ሃኒ። አትንቀሳቀሺ የኔ እናት።"

ካፒቴናችን ዓይኗን ገለጠች። "አይ አም ፋይን፣ ማም።"

"ሁሉም ፋይን ነኝ ነው የሚለው" አለች እናቴ በእንግሊዝኛዋ። "የኔ ሽማግሌ ዳሌው ተሰብሮ ፋይን ነኝ ብሎኛል።"

እኔም ደረስኩ። በአማርኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "እማ፣ ልቀቂያት፤ ምንም አልሆነችም" አልኳት።

"አንቺ ዝም በይ! ዶክተር ነሽ?"

"እማ፣ እያስመሰለች ነው!"

"ምን ማለት ነው ማስመሰል?" አለችኝ ከምሯ ተቆጥታ። "ጤነኛ ሰው ደግሞ ምን ሊያደርግ ሜዳ ላይ ይተኛል?"

ይሄን በአማርኛ እንዴት ላስረዳት?

ዳኛው ጎንበስ ብሎ ባጇን አየ። የሕክምና ሰው ነሽ ወይ አላት፤ "ዬስ" አለችው ያለ ምንም ማመንታት። ምን አየሽ አላት። "ራሷን ተመትታለች፤ ዓይኗ ዞሯል።" የካፒቴናችን ዓይን በእውነት ዞሮ ነበር፤ ወደ እኔ ነው የዞረው። እናትሽን አንሺልኝ ነበር የሚለው። እኔ ግን ምን ልበል? እውነቱን በእንግሊዝኛ ብናገር ፔናሊቲው ይሰረዛል፣ ካፒቴናችንም በማታለል ትቀጣለች። እሷም ራሷ ብትናገር ያው ነው። በውሸቷና በበሽታዋ መሃል ተይዛ፣ በሽታውን መረጠች። ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

የሊጋችን ደንብ ደግሞ በራስ ጉዳት አይቀልድም። ራሷን ተመትታለች ተብላ የተጠረጠረች ልጅ ትወጣለች፤ ተመርምራ ነጻ እስክትባልም ድረስ ከሳምንት በላይ አትጫወትም። ካፒቴናችን እናቴ ትከሻ ላይ ተደግፋ፣ የዝንጅብል ሻይ በግድ እየተጋተች ወጣች። ያን ጨዋታ አሸነፍን። ለአንደኝነት የምንጫወተው የመጨረሻው ጨዋታ ግን ከፊታችን ነበር፤ ሰባት ቁጥርን ማን እንደሚለብስ አልታወቀም።

በመኪና ስንመለስ ለእናቴ ነገሩን አስረዳኋት። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

"ዳኛው አያውቅም?"

"አያውቅም።"

"ኮቿስ?"

"ኮቿ ናት ያስተማረችን።"

"እኔ እኮ ማርያምን ብዬ ጸልዬላታለሁ" አለች።

ኮች በማግስቱ ኮል አደረገችኝ። ሰላምታ የለም። "እናትሽ ካፒቴኔን ነጠቀችኝ" አለች። "ስለዚህ ሰባት ቁጥር ወይ ላንቺ ነው፣ ወይ ለሌላዋ ተቀያሪ። አንቺ ትበልጫለሽ። ግን እንዳንቺ ያለች ትንሽዬ ልጅ ስትወድቅ ዳኛ ሁሉ ያዝናል፤ ያንን ካልተጠቀምኩበት ሞኝ ነኝ። ትተኛለሽ?"

"አልተኛም።"

"እንግዲያው ምን ትሰጪኛለሽ?"

"ቶሎ እነሳለሁ።"

ሳቀች። ሳቋ እንደ ሳል ነው። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ኳሱን የያዘችው ከወደቀች በኋላ ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ተመልሰው መስመር መሥራት አለባቸው፤ ያን እስኪሠሩ ጊዜ ይፈልጋሉ። የወደቀችው ከእነሱ ቀድማ ከተነሳችና ኳሱን ካንከባለለች፣ ተበታትነው ነው የምታገኛቸው። ይሄን ያስተማረችን ራሷ ኮች ናት። እኔ ያልኳት፣ አንቺ ሰነፍ የምትይኝ ለመተኛት ነው፤ ለመነሳት ግን ከእኔ የሚፈጥን የለሽም ነው።

"ሐሙስ አሳዪኝ" አለች።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሰው ይጣለኝ ብዬ ማንን ልለምን? ዌርሃውስ ውስጥ ታክል አድርጉኝ ብል ሥራዬን አጣለሁ። እናቴን ጠየቅኳት። የካፒቴናችን ነገር ቆጭቷት ስለነበር እሺ አለች። የሳሎኑን ጠረጴዛ ገፋነው። ምንጣፉ ላይ ኳስ ታቅፌ ተኛሁ፤ እናቴ ላዬ ላይ ተጋደመች።

"አጥብቂኝ እንጂ።"

"አጥብቄሻለሁ። አመመሽ?"

"እማ፣ ሊያመኝ ነው የሚገባው።"

"እኔን! የቱ ጋ ነው?"

"ምንም አላመመኝም! ክርንሽን ደረቴ ላይ አድርጊ።"

"ልጄ ደረት ላይ ክርን አላደርግም።"

አንድ ሰውን ከነወንበሩ የምታነሳ ሴት እኔን መጫን አቃታት። ልነሳ ስል ራሷ ደግፋ ታነሳኛለች። በመጨረሻ ተናደድኩና የማይባል ነገር ተናገርኩ፤ እሷ የምትመኝልኝ ነርሲንግ ትምህርት ቤት እንደማልገባ፣ ዘንድሮም ለከርሞም እንደማልገባ ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው የተጫነችኝ! ጎኔ ምንጣፉ ውስጥ ሰመጠ። "አትገቢም? አትገቢም?" ትለኛለች፤ እኔ እገለበጣለሁ፣ ጉልበቴን አስገባለሁ፣ እነሳለሁ፣ ኳሱን በእግሬ እልካለሁ፤ እሷ መልሳ ትጥለኛለች። ታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ጣሪያቸውን እስኪደበድቡ ድረስ ቀጠልን። እናቴ ላብ በላብ ሆና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። "ይሄ እኮ ሥራ ነው" አለችኝ እያለከለከች። በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ ጃኬቷን ሰቅላ፣ "ነይ ተኚ" ማለት ጀመረች።

ሐሙስ ኮች ሦስት ሴቶች ላከችብኝ። ጣሉኝ፤ ተነሳሁ። እንደገና ጣሉኝ። ከላዬ ለመውረድ ሲዘገዩ ከሥራቸው ሾልኬ ወጣሁ። ከንፈሬ ደማ፤ በእጅጌዬ ጠረግኩና ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ካፒቴናችን መጫወት ስለማይፈቀድላት በተራ ልብሷ መስመሩ ላይ ቆማ ታየናለች፤ ስታዩአት፣ ሰው ወንበሯን የወሰደባት ትመስላለች። ስንጨርስ ኮች ማሊያውን ከሻንጣዋ አውጥታ ወረወረችልኝ።

"ጨዋታው የሚወሰንበት ሰዓት ከመጣ" አለች፣ "ተኚ ስልሽ ትተኛለሽ።"

"አልተኛም አልኩሽ እኮ።"

"ሰምቻለሁ። እኔም እላለሁ፣ አንቺም ትሰሚያለሽ።"

የመጨረሻው ጨዋታ ፒከሪንግተን ውስጥ ነበር። ንፋስ ነበረ፤ ኳሱ እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚሄደው። እናቴ መጥታለች፤ ሜዳ አልገባም ብላ ቃል ስለገባች ግን መኪና ውስጥ ናት፤ መስኮቱን ዘግታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጥታኛለች። ራሷን እንደማታምን ታውቃለች።

ስለ ጨዋታው ብዙ አላወራም። አዘዝኩ። ያን ያህል ጊዜ የፈለግኩትን አደረግኩ፤ "አንቺ ወደዚህ! ቶሎ! አሁን!" እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እኔን በሁለት እጥፍ የሚበልጡኝ ሴቶች እሺ ብለው ይሮጣሉ። ጣሉኝ፣ ተነሳሁ። ተቃራኒዎቻችን ማረፍ አቃታቸው። አንዷ በወገቤ ይዛኝ እያለች፣ "አንዴ እንኳን ተኚ፣ ሴትዮ!" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ጉልበቷን ጎኔ ላይ አሳረፈችው።

ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ ይመሩን ነበር። ኳሱን ይዤ በቋሚዎቻቸው ፊት ለፊት ገባሁ። አንዲት ልጅ ከጎን መጣች። ክንዷን አላየሁትም፤ አገጬ ላይ ሲያርፍ ነው የሰማሁት። ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ። ሰማዩን አየሁ።

ልብ በሉ፤ ይሄ የምር ነበር። ዳኛው እጁን ወደ ፊሽካው ሲያነሳ አይቻለሁ። ቋሚዎቹ እዚያው ናቸው፤ ከዚያ ቦታ ማንም ሰው ይመታዋል፤ ሁለት ነጥብ፣ አለቀ። ከመስመሩ ዳር ኮች በዚያ ጎርናና ድምጿ፣ "ተኚ! ተኝተሽ ጠብቂ!" አለች። ካፒቴናችንም፣ ተቀያሪዎቹም፣ ሁሉም "ተኚ!" አሉ። እኔ ይሄን ስሰማ ቆሜ ነበር። ኳሱን አስቀምጬ በእግሬ ልኬዋለሁ።

ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ተቃራኒዎቻችን ፔናሊቲ ነው ብለው ቆመው ነበር፤ አንዷ እንዲያውም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። ከኋላዬ የነበረችው ፈጣኗ ልጃችን ኳሱን አንስታ በመካከላቸው አለፈች፤ የነካት የለም። የግብ መስመራቸውን ተሻገረች። አራት ነጥብ እንዲሆን የቀራት ኳሱን መሬት ማስነካት ብቻ ነው፤ ስትወድቅ ከእጇ አመለጠ። ወደ ፊት ተንከባሎ ሄደ።

ጨዋታው አለቀ። ተሸነፍን።

ልጅቷ እዚያው ሣሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሄጄ አነሳኋት። ካፒቴናችን ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ ቀልቷል።

"አንገትሽን ይዘሽ ብትተኚ ኖሮ ጨርሰን ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አውቃለሁ ብቻ?"

"አውቃለሁ ብቻ።"

"ውሸት እንኳን አልነበረም እኮ! መታችሽ!"

ኮች ማሊያዎቹን በየተራ እየተቀበለች ሻንጣ ውስጥ ስትጨምር የእኔን ሳታየኝ ተቀበለችኝ።

መኪናውን ከፍቼ ገባሁ። እናቴ ማን አሸነፈ እንኳን አላለችም፤ የስልኳን መብራት ዓይኔ ላይ አበራች። "ስሜ ማን ነው?"

"እማ።"

"እማ ስም አይደለም፤ ተናገሪ።"

ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጠራሁላት። በመሃሉ አገጬ ጠቅ አደረገኝ። ያበጠውን በጣቷ እየነካካች፣ "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "ሳያምሽ አልተኛም አልሽ፤ ጎበዝ። ካመመሽ ግን መተኛቱ ምን ነውር አለው? የኔ ሽማግሌ ደህና ነኝ ብለው በተሰበረ ዳሌ ሊነሱ ሲሉ እኮ ነው የባሰባቸው።"

ማታውኑ ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ መንጋጋዬ አልተሰበረም፤ ግን ጥያቄዋ ከራሴ አልወጣም። እውነቷን ነው። አሞኝ ነበር። ብተኛ ኖሮ የምዋሸው ነገር አልነበረም። ታዲያ ለምን ተነሳሁ? ከእፍረት ነው? ከእልኸኝነት ነው? ከሁለቱም አለበት። ዋናው ግን ይሄ ይመስለኛል፤ ቡድናችን መሬቱን አበላሽቶታል። እኛ መሃል የተኛች ልጅ ምን እንደሆነች አይታወቅም። ያን ቀን "ተኚ!" ብለው ከጮሁት ሁሉ፣ አመማት ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ብተኛ ኖሮ የታመምኩ ሳይሆን የታዘዝኩ ነበር የምመስለው። ለዳኛው ብቻ አይደለም፤ ለራሴም።

ማክሰኞ ዕለት ልምምድ ሄድኩ። ሊጉ ቢያልቅም ኮች በረዶ እስኪጥል ድረስ የመጣውን ታሠራለች። አገጬ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሐኪሙ መጋጨት ስለከለከለኝ መሮጥና ማቀበል ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ካፒቴናችን ተመርምራ፣ ትጫወት ተብላ ተመልሳለች። ሁለት አዲስ ልጆችም መጥተዋል፤ ጫማቸው ገና ጭቃ አልነካም። ሰባት ቁጥር ከእንግዲህ የእኔ እንዳልሆነ ሁሉም ሰው ፊት ላይ ይነበባል።

ኮች እጇን አጨበጨበች። "ለአዲሶቹ ከመጀመሪያው እንነሳ። በጀርባችሁ ተኙ።"

ሁሉም ተኛ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ካፒቴናችን ከሥር ወደ ላይ አየችኝና ዓይኗን ጨፈነች።

"አንቺስ?" አለች ኮች።

"እኔ ሲያመኝ ነው የምተኛው።"

"ቅዳሜ ተመትተሽ አልተኛሽም።"

"ቅዳሜ ተሳስቻለሁ። አሞኝ ነበር፤ መተኛት ነበረብኝ። ግን እዚህ ሜዳ ላይ ስንት ሰው ሳያመው ተኝቶ ነው እኔ አሞኝ የተነሳሁት? ይሄን ትምህርት ተይው፣ ኮች። ያን ጊዜ እተኛልሻለሁ።"

አዲሶቹ ልጆች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጣሉ። ኮች ወደ እነሱ ጠቆመች። "አሁን እነዚህን ምን ልበላቸው?"

"ይቺን ልጅ ተኝታ ካያችኋት አምቡላንስ ጥሩ በያቸው" አልኩ ራሴን እየጠቆምኩ።

አንደኛዋ አዲስ ልጅ ሳቀች፤ ቶሎ ብላ አፏን ያዘች። ኮች አልሳቀችም። ያን የዞረ አፍንጫዋን በመዳፏ እያሸች አገጬን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከቅዳሜ ወዲህ በቅጡ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ያማል?" አለችኝ።

"ያማል።"

"በጣም?"

"ሳኝክ።"

ራሷን ነቀነቀች። ጎንበስ ብላ ኳሱን አነሳችና ደረቴ ላይ አስደግፋ ሰጠችኝ። "ዛሬ አንቺ ነሽ ሰባት ቁጥር። ዛሬ ብቻ። የሚቀጥለውን ማክሰኞ፣ የሚቀጥለውን ማክሰኞ እናየዋለን።"

"እመጣለሁ።"

"መምጣትሽንማ መቼ አጣሁት።"

ኳሱን ይዤ ወደ ሜዳው መሃል ሄድኩ። ከኋላዬ ሁሉም እንደተኙ ናቸው፤ ኮች ተነሱ አላለቻቸውም፤ ተኙም አላለቻቸውም። እኔን ነው የሚጠብቁት። ዞርኩና፣ መንጋጋዬ እየጠዘጠዘኝ፣ ባለኝ ድምፅ "ተነሱ!" አልኳቸው። አዲሶቹ ብድግ አሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ካፒቴናችን የመጨረሻዋ ነበረች፤ ከፀጉሯ ላይ ሣሩን እያራገፈች፣ ሳትቸኩል። ጠበቅኳት። ቦታዋን ስትይዝ ኳሱን ለእሷ ወረወርኩላትና መሮጥ ጀመርን።